የበሩ አልጋ

«ከእሱ ሱቅ በቀር የትም ብትለኝ እሄድልሃለሁ» አለች፤ ያጠበችውን ብርድ ልብስ ጨምቃ ገመዱ ላይ እየወረወረች። «ሲኦልም ቢሆን።»

«ሲኦል ስፌት የሚችል አልፈለገማ፣ እትዬ» አለ ጋዜጣ፣ የብርድ ልብሱን ሌላኛውን ጫፍ ይዞላት። «የፈለገው እሱ ነው። ዋስ አምጣ ብለውኛል። እኔን አውቀዋለሁ የሚል ደግሞ ካንቺ ሌላ ያለው ፖሊስ ጣቢያ ነው።»

ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው።

ጋዜጣ የሚሉት ጎዳና ሲያድር የሚለብሰው ጋዜጣ ስለነበር ነው። ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር። መጠጡ እጁን አንቀጥቅጦ ከሙያው አስወጣው። አሁን እጁ ረግቷል፤ የተተረተረ የትራስ ልብስ ሰፍቶ ሲያሳያት ስፌቱ የት ጋ እንደሆነ ጠፍቷት ነበር። የረጋ እጅ ሥራ ካጣ ወደ መለኪያው እንደሚመለስ ታውቃለች። ስንቱ ተመልሶባታል!

ቢሆንም ወደዚያ ሱቅ መሄድ ሞቷ ነው።

የሱቁ ባለቤት ከዚህ ከእሷ ቤት የወጣ ሰው ነው። ከቆሻሻ ገንዳ ሥር በሸክም አምጥታ፣ ገላውን አጥባ፣ ሲያስታውከው ግንባሩን ይዛ፣ ክረምት ከበጋ አኑራዋለች። ዳነ፤ ወጣ። የልብስ ስፌት ሱቅ ከፈተ፤ አገባ። ሰርጉን የሰማችው ከአትክልት ሻጯ ነው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያያት ተሻግሮ በወዲያኛው ጠርዝ ይሄዳል። የመጀመሪያው ቀን «አላየኝም ይሆናል» ብላ ነበር። በሌላ ቀን ግን ዓይን ለዓይን ከተጋጩ በኋላ፣ መኪና ሊበላው እየደረሰ ሲሻገር አየችው። ውሻ እንኳ ያጎረሰውን ሲያይ ጅራቱን ይቆላል! ይኸው ይህ ነገር ዓመታት ሙሉ እንደ እሾህ ውስጧ ተሰብሮ ቀርቷል።

እሱ ብቻም አልነበረም። የዳነ ሁሉ አይመለስም፤ ተመልሶ የሚያንኳኳው የወደቀው ነው። ዕድሜዋ ከወደቁት ጋር አለቀ፣ የቆሙትን ሳታይ።

ቤቷ ከጋራዥ ጀርባ ነው፤ ሦስት ክፍሎች፣ አንድ መውጫ በር። አልጋዋን የምትዘረጋው በዚያ በር ላይ ነው፣ በአግድም። ጥማቱ የተነሳበት ሰው ልውጣ ሲል እሷ ላይ ይደርሳል። «ሂድም አልልህ፣ አትሂድም አልልህ» ትላለች። «ረግጠኸኝ ግን ነው የምታልፈው።» አብዛኛው መርገጡ ያቅተውና እግርጌዋ ቁጭ ይላል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቲማቲም መወደድ፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ ታወራዋለች፤ ጥማቱ እስኪያልፍለት። ሰፈሩ «እትዬ ዘበኛ» ይላታል። ባሏ «ወይ እኔ ወይ እነሱ» ባላት ጊዜ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» አለችው። እሱም ሴትዮዋ እልኸኛ መሆኗን ያውቅ ነበርና ሁለተኛ አልጠየቀም።

«እትዬ» አለ ጋዜጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትናንት እጄ ሥራ ፈትቶ ሲያሳክከኝ ዋለ።»

እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ሸሚዝህን ቀይር» አለችው።

መንገድ ላይ የምትለውን ስታውጠነጥን ሄደች። በመጨረሻ አንዱን መረጠች፦ «ሰርግህ ላይ አልጠራኸኝም፤ ዛሬ ሳልጠራ መጣሁ።» ይህችን በሚስቱ ፊት ትለውና ከዚያ የፈለገው ይምጣ።

ሱቁ ጠባብና ንጹሕ ነው። ሚስቱ በር አካባቢ ቁልፍ ትተክላለች። እሱ ከኋላ አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሎ፣ በከንፈሩ ስፒሎች ነክሶ፣ ኮት ያስተካክላል። ቀና ሲል አያት። ስፒሎቹን አይተፋቸው፣ አይውጣቸው።

«ይግቡ እናቴ፣ ይቀመጡ» አለች ሚስቱ። «ልጅዎ ነው?»

«ዋሱ ነኝ።»

«በምን ያውቁታል?»

«ቤቴ ነው የሚኖረው። ጠጪ ነበር፤ ትቷል።»

ጋዜጣ መሬት መሬት አየ። ሚስትየው ትንሽ አሰበችና «ተመልሶ ቢጠጣስ?» አለች።

«ላኪብኝ፤ ካለበት አነሳዋለሁ። ስርቆት ግን አያውቅም።»

ጋዜጣ ነገሩን ላሳምር ብሎ አፉን ከፈተ። «ደግሞስ እመቤቴ፣ ልጠጣ ብልስ በየት ወጥቼ! እትዬ አልጋዋን በሩ ላይ ነው የምትዘረጋው። መጠጥ ቤት ለመሄድ እሷን መርገጥ ነው።»

የሚስትየው መርፌ አየር ላይ ቆመ።

«በር ላይ?» ወደ ባሏ ዞረች። «ልክ እንደ አክስትህ!» ከዚያ ወደ እንግዳዋ ተመለሰች። «ያሳደገችው አክስቱ በር ላይ ነበር አሉ የምትተኛው። ዛሬም ደግ ሰው ሲነሳ እሷን ሳይጠራ አያልፍም። ሰርጋችን ሳይደርስ ሞተችበት። አላየኋትም፣ ምስኪን።»

ሞታለች ለካ። የገዛ ራሷን መሞት ዛሬ ገና ሰማች።

ባለሱቁን ልብስ ሰፊ አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል። ያንን ዓይን ታውቀዋለች፤ ድሮ አልጋዋ እግርጌ ተቀምጦ «ልርገጥ ወይስ ልቅር» ይል የነበረው ዓይን ነው።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አለች ሚስትየው፣ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን እያየች።

ያች የመረጠቻት ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰች። ስላ፣ ሞርዳ ያመጣቻት ናት። ጋዜጣ አጠገቧ ትንፋሹን ይዟል።

«ከየት አውቄው፣ ልጄ!» አለች። «በር ላይ መተኛት የኔ ብቻ እብደት ይመስለኝ ነበር። ለካ ቢጤ ነበረችኝ።» ወደ ልብስ ሰፊው ዞራ «ነፍስ ይማር» አለችው።

ስፒሎቹን ከከንፈሩ አወጣ።

«እርስዎን ያኑርልኝ» አለ።

ከዚያ ጋዜጣን ሳያየው «ነገ ጠዋት ና፤ ያኛው የስፌት መኪና ያንተ ነው» ብሎ ወደ ኮቱ ተመለሰ። ሚስትየው ሻይ ላፍላ ብትላት የተነከረ ልብስ አለኝ ብላ ወጣች።

ቂሙ ሲወጣ ቀላል እሆናለሁ ብላ ነበር። እንዳሰበችው አልሆነም። የተነቀለ ጥርስ ቦታ እንደሚጎደጉድ ጎደጎዳት እንጂ።

በማግስቱ ጋዜጣ ጺሙን ተላጭቶ፣ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ ተነሳ። መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ሸኘችው። ከዚያ ቆመች።

«እስከ ሱቁ አታደርሺኝም?»

«ትምህርት ቤት አስገባሁህ እንዴ? ሂድ!»

«ማታ የሠራሁትን አሳይሻለሁ።»

«አሁን እንዲህ ትላለህ» አለችና አንገትጌውን አቃናችለት።

እየሮጠ ሊባል በሚችል እርምጃ ሄደ። ወዲያ ልብስ ሰፊው ጀርባውን ሰጥቶ የሱቁን መዝጊያ ወደ ላይ ይገፋል። የአትክልት ተራው ያለው በዚያው በኩል፣ ከሱቁ አልፎ ነው። ቲማቲም መግዛት ነበረባት። መዝጊያው አናቱ ላይ ደርሶ ሰውየው ሊዞር ሲል፣ ግራ ቀኝ መኪና አየችና፣ እሷ ቀድማው ወደ ወዲያኛው ጠርዝ ተሻገረች።