የአንድ ሰዓት ማስጠንቀቂያ

ተድላ መሐንዲሱን የተቀበለው ምሳ አዘጋጅቶ ነው፤ ልቡን ግን ቆልፎ። ከአንገር ጉቲን ወረድ ብላ ያለችውን የሠፈራ መንደር በሊቀመንበርነት ሲመራ ይኸው ስምንተኛ ዓመቱ። ከአራት ዓመት በፊት፣ በሰባ አምስት ክረምት፣ ከመንደሩ በላይ ያለው የአፈር ግድብ ተደርምሶ አርባ አንድ ሰው ሲወስድም ሊቀመንበሩ እሱ ነበር።

መሐንዲሱ ደረሳ የነቀምቴ ልጅ ነው፤ ሰው አክባሪ። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ተድላ» ብሎ እጅ ነሣና ምሳው እስኪቀርብ ወረቀቱን ዘረጋ።

«ግድብ ቢፈርስ ስንት ሰው ይሞታል የሚለውን የሚገምት ስሌት ነው። የውሃውን ጥልቀት፣ የሰዉን ብዛት፣ ከስንት ደቂቃ በፊት እንደተነገረው አስገባለታለሁ። ልክ መሆኑን የማውቀው ድሮ በፈረሱት ግድቦች ላይ ስሞክረው ነው። በሌሎቹ ሁሉ ተቀራረበልኝ። በእናንተ ላይ ብቻ አበደብኝ።»

«እንዴት አበደ?»

«እዚህ በያዝኩት ሪፖርትዎ ማስጠንቀቂያው ከአንድ ሰዓት በፊት ተሰጥቷል። ኮረብታው ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ስሌቱ ቢበዛ ሁለት ሰው ይሞታል ይላል። የሞተው አርባ አንድ!»

ተድላ ውሃ ተጎነጨ።

«ሪፖርቱ ላይ አለ እኮ። ሕዝቡ ንብረቴን አልተውም ብሎ እምቢ አለ።»

«እሺ፣ እንደዚያው ብዬ ልዝጋው። ከታች ካለው መንደር በላይ ለሚሠራው አዲስ ግድብ ጠባቂና ደወል ጠይቄ ነበር፤ እሱንም መሰረዜ ነው። ለማይሰማ ሰው ደወል ምን ያደርግለታል?»

ልጆቼ፣ ሰው ውሸቱን አራት ዓመት ተሸክሞ ይኖር ይሆናል። ሸክሙ ወደ ሌላ መንደር ሊሻገር ሲል ግን ጉልበት ይከዳል።

ይህን ጊዜ ምሳውን የሠራችለት ጎረቤቱ ዓባይነሽ ወጥ ይዛ ስትገባ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ባሏ ይመር ከአርባ አንዱ አንዱ ነው።

«ማነው እምቢ ያለው?»

«አንቺ ወጡን አስቀምጪና…»

«ይመር እምቢ አለ ብለህ ጻፍክ? የኔ ይመር? ቸርኬው ሲመታ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ፣ ግማሹን አረፋ እንደተቀባ ሮጦ አልመጣልህም?»

ደረሳ እስክሪብቶውን አነሳ። «ወደ ኮረብታው ነው የሮጠው?»

«ኧረ ወደ አዳራሹ! ወንዙ ዳር ወዳለው። ያ ዛፉ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ የሚመታው ለስብሰባ አይደል? ከስብሰባ የቀረ ከማኅበሩ ሱቅ ጨውም ዘይትም አያገኝም።»

ተድላ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ምቱ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «የግድቡ ዘበኛ እየሮጠ መጥቶ ከሥሩ ውሃ እያፈሰሰ ነው አለኝ። ይሰብሰቡና ልንገራቸው አልኩ። መጡ።»

«ከዚያስ?»

«ስም ጠራሁ።»

«ምን አሉ?»

«በየቡድኑ ስም ጠራሁ። መጀመሪያ ቀሪው ይታወቅ ብዬ። ቀሪው ሲበዛ ተናድጄ ደገምኩት። ለምን እንደተጠሩ ሳይሰሙ ውሃው በሩን ገነጠለው። እኔ መድረኩ ላይ ነበርኩ፤ የጣሪያውን ወራጅ ይዤ ተንጠለጠልኩ። ሌላ የተረፈው ቀሪ ብዬ የጻፍኩት ነው። ስብሰባ ጠልቶ ኮረብታው ላይ የተደበቀው። እሷም ቀሪ ነበረች።»

ደረሳ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። «ታዲያ ማስጠንቀቂያው ስንት ደቂቃ ነው ልበል?»

«ምንም። ምንም በል።»

ደረሳ የተሰበሰበውን ሰው ሁሉ አዳራሹ ውስጥ አድርጎ፣ ደቂቃውን ዜሮ አድርጎ እንደገና አሰላ። ዓባይነሽ ወጡን እንደያዘች ጠበቀችው።

«ስንት አለ?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«ሦስት ጎደለው» አለች። እሷ አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች።

ደረሳ ጠባቂውንም ደወሉንም አልሰረዘም። ከሥሩ ብቻ ጨመረ፦ ደወሉ የስብሰባ ደወል አይሁን፤ ሲሰማም ሁሉም በቀጥታ ወደ ኮረብታው ይውጣ።

«አንተ ደግሞ» አለችው ተድላን፣ «ከሪፖርቱ ያንን መስመር አንብብልኝ።»

«ዓባይነሽ…»

«አንብብ!»

አነበበ። «ሕዝቡ ለመውጣት እምቢ» ላይ ሲደርስ አቆመ። እስክሪብቶ ተቀብሎ ሰረዘው።

«በቦታው ይመር ጻፍ። ሲጠራ የመጣ በል። ከዚያ የሌሎቹን፣ የሁሉንም።» ወደ ደረሳ ዞረች። «አንተ የኔ ወንድም፣ ተነስ። እኔ ቤት ትበላለህ።»

ወጡን ይዛ ወጣች፤ እንግዳውም ተከተላት። ተድላ ይመር ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ ያለውን ስም ለመጻፍ ጎንበስ አለ፣ ፊቱ እሳት እንደላሰው ሰው እየነደደ።