ምናቸው ነሽ?

«ምናቸው ነሽ፣ ልጄ?» አሏት የሟች እህት፣ የሻይ ብርጭቆ እያቀበሏት።

ፀጉር ሠሪዋ ብርጭቆውን ተቀበለች። እንባዋ በአገጯ እየወረደ ነበር፤ ከገባች ጀምሮ ከሟች ልጆች አብልጣ አልቅሳለች። እንዲህ ያለቀሰ ሰው ምን ነኝ ይላል? ዘመድ ነኝ እንዳትል ዘመዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ጎረቤት ነኝ እንዳትል ሰፈሯ ሌላ ነው።

«አውቃቸዋለሁ» አለች በመጨረሻ።

«እሱንማ ማን የማያውቀው አለ! ስንቱን ቤት ቧንቧ የጠገነ ሰው» አሉ ሴትዮዋ። ቤቱ ውስጥ ሁሉም «አክስቴ» ይላቸዋል። አነጋገራቸው ለስላሳ ነው፤ ዓይናቸው ግን ከፊቷ አልተነሳም።

ከኋላዋ ሁለት ሽማግሌዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሟችን ያነሳሉ።

«ቁጥብ ሰው ነበር።»

«ቁጥብ ብቻ? ቃል ከአፉ በወረንጦ ነበር የሚወጣው። ልጆቹን እንኳ አቅፎ ያየው የለም።»

ፀጉር ሠሪዋ ማልቀሷን አቆመች። የማን ለቅሶ ነው የገባሁት? አለች በሆዷ። መሞታቸውን የሰማችው ከደንበኛዋ አፍ ነበር፤ «ያ ቧንቧ ሠሪ፣ ሻንጣ የማይለየው ሽማግሌ» ስትላት መቀሱን አስቀምጣ፣ ሱቋን ዘግታ ነው የመጣችው። በከተማው አንድ ቧንቧ ሠሪ ብቻ የለም። ቀና ብላ ጠረጴዛው ላይ የቆመውን ፎቶ አየች። ጥቅጥቅ ያለው፣ መሃል ላይ የተጋጠመው ቅንድብ የእሳቸው ነው። ፊታቸው ግን እሷ አንድ ቀን እንኳ አይታው የማታውቀው ኮስታራ ፊት ነው።

እሷ የምታውቃቸው ደጃፏ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ነው።

ያን ቀን ልብስ ልታሰጣ ብቅ ከማለቷ፣ በቅጡ መራመድ ያልጀመረችው ልጇ በሩን ከውስጥ ገፍታ ዘጋችው። ከዚያ እጇ የደረሰበትን መቀርቀሪያ ስትጎረጉር ጭራሽ ቆለፈችው። ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። እናት ስትጮህ ልጅ ጮኸች፤ ልጅ ስትጮህ ሰፈሩ ወጣ።

«ምን ዓይነት እናት ናት?» አለች አንዷ።

«ወልዶ መጣል!» አለች ሌላዋ፣ በሩ ፊት ቆማ ማየት እንዲመቻት እየተጋፋች።

በዚያ መሃል ሻንጣቸውን ያንጠለጠሉ ቧንቧ ሠሪ በመንገዱ ሲያልፉ ሰዉ ከበባቸው። «አባባ፣ መዶሻ አለዎት አይደል? በሉት እንጂ!» ሰውየው ዝም ብለው ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጠፉ።

«በሩን ተደግፋ ነው የምታለቅሰው» አሉ። «ብሰብረው እሷ ላይ ነው የሚወድቀው።»

ከዚያ ያን ያህል ትልቅ ሰው መሬት ላይ በሆዳቸው ተኙና፣ አፋቸውን ከበሩ ሥር ካለው ክፍተት አስጠግተው «ኩኩሉ!» አሉ።

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ግን ቁም ነገራቸው ነበር። አውራ ዶሮ ሆኑ፤ በግ ሆኑ፤ ድመት ሆኑ። ውስጥ ያለው ለቅሶ ወደ መነፋረቅ፣ መነፋረቁ ወደ ዝምታ ወረደ። የሚያር ወጥ ሽታ በበሩ ሥር እየወጣ፣ እሳቸው ሳይቻኮሉ «ድመቷ መግባት ፈልጋለች፤ ያቺን ብረት ሳቢላት፣ እመቤት፤ ሳቢያት፤ ኧረ ጎበዝ!» እያሉ ይለማመጣሉ። ብረቱ ቀጭ አለ።

ልጇን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ስትዘረፈጥ፣ ሽማግሌው ሰዉን «ሥራ የላችሁም እንዴ?» ብለው በተኑት። ልብሳቸውን አራግፈው አጠገቧ ተቀመጡና ስለ ራሳቸው አንድ ነገር አጫወቷት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ «በሩ እንዴት ነው?» ይሏታል፤ «ደህና ነው» ትላለች፤ ይሳሳቃሉ። ትውውቃቸው ይኸው ነው። ይህን ደግሞ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ «ምናቸው ነሽ?» ላለ ሰው በምን አፍ ያስረዱታል?

በማግስቱም ሄደች። ለምን እንደምትሄድ ራሷም አታውቀውም፤ እግሯ ነው የወሰዳት። ብርጭቆ ላጥብ ብላ ስትነሳ አንዲት ወጣት በትሕትና ከእጇ ተቀበለቻት። ወደ ጓዳ ስታልፍ ሹክሹክታው ይቋረጣል፤ ስትመለስ ይቀጥላል።

«...እሱን ነው የምልሽ። ዝምተኛ ሰው ጉዱ ብዙ ነው።»

የማንን ጉድ እንደሚያወሩ አልገባትም።

በሦስተኛው ቀን ልጅ ጠባቂዋ ስለቀረችባት ልጇን ሚጢጢን ይዛት መጣች። አሁን አድጋ ምላሷ የተፈታው ሚጢጢ እናቷን ተከትላ ገብታ ሰዉን ሁሉ በዓይኗ አዳረሰች። አክስት ሲያዩዋት ብርጭቋቸው እጃቸው ላይ ቀረ።

«ቅንድቧን!» አሉ። «ኧረ በፈጠራችሁ፣ ቅንድቧን እዩልኝ!»

ሰዉ ሁሉ ወደ ልጅቷ ዞረ። የሟች የበኩር ልጅ፣ ትከሻ ሰፊው የጭነት መኪና ሾፌር፣ ከተቀመጠበት ተነሥቶ በእጁ ወደ ጓሮ ጠቆማት። ልጇን አስከትላ ወጣች።

«እህቴ» አላት የውሃ በርሜሉ አጠገብ ሲደርሱ፣ «በግልጽ ልጠይቅሽ። ይቺ ልጅ የማን ናት?»

«የእኔ ናት።»

«እናቷን አልጠየቅኩም። አባቷን ነው።»

ጥያቄው ዘግይቶ ነው የደረሳት። ሲደርሳት ግን ፊቷ ፍም መሰለ።

«የባሌ ናት! ቅንድቧንም ከአማቴ ነው የወሰደችው! እኔኮ...» ከዚያ አፏ አላርፍ ብሎ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ በሩን፣ ድስቱን፣ የሰዉን ስድብ፣ ኩኩሉውን።

ሾፌሩ አፍጥጦ ሰማት።

«አባቴ? አውራ ዶሮ?» ወደ ቤቱ ዞሮ አየ፤ የሚመሰክርለት ሰው የሚፈልግ ይመስል። «ሰው ተሳስተሻል፣ እህቴ።»

«እኔም ከመጣሁ ጀምሮ እሱን ነው የማስበው። የእናንተ አባትና የእኔ ሽማግሌ አልገናኝ ብለውኛል።» ትንሽ አመነታች። «ያን ዕለት አጠገቤ ተቀምጠው ያሉኝን ልንገርህ? ‹አይዞሽ፣ እኔ ልጄን ገበያ ረስቼ ዳቦ ይዤ ቤት የገባሁ ሰው ነኝ። ዳቦውን ግን አልረሳሁም› አሉኝ። እያለቀስኩ ሳቅኩ።»

ሾፌሩ አልሳቀም። የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ ነኝ» አለ። «የተረሳሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን በኋላ እጄን ይዞ ወጥቶ አያውቅም። ‹ይዘኸኝ ሂድ› ስለው፣ ‹ከእናትህ ጋር ሂድ› ነው መልሱ። አውቆ የጣለኝ ነበር የሚመስለኝ። ይኸው ፀጉሬ ሸበተ፤ እስከ ትናንትና አውቆ የጣለኝ ነበር የሚመስለኝ።»

«ወንድሜ፣ እሳቸው ያሉኝ ሌላ ነው። ‹ከዚያ ወዲህ የልጅ እጅ ስይዝ የገዛ እጄን አላምነውም› ነው ያሉኝ።»

ሾፌሩ መዳፎቹን ገልጦ አያቸው።

«አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ነች ያቆየችኝ።»

«ነግረውኛል። እየሮጡ ሲደርሱ ጭኗ ላይ አገኙህ። ትሰድበኛለች ብለው ሲጠብቁ፣ ‹ጎበዝ ልጅ ነው፤ አባቴ ይመጣል እያለ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅህ ነበር፤ አላለቀሰም› አለቻቸው።»

«አላለቀሰም? እኔ?» ሾፌሩ ከባልዲው ሊነሳ ምንም አልቀረው። «ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ነው የጮኽኩት! ሴትዮዋን እጇን ነክሻታለሁ! ለምን ዋሸችው?»

«እንጃ። ብቻ ‹ስላልሰደበችኝ ነው ቤቴ መግባት የቻልኩት› ብለውኛል።»

«ታዲያ ለመንገድ ሰው ከነገረ ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

ይህንንስ ለፀጉር ሠሪዋም አልነገሯትም። ሰው ላጽናና መጥቼ ቁስል ነካክቼ ልሂድ ይሆን ብላ ፈራች። መድኃኒት ይሁን መርዝ ያቀበለችው አልለየላትም። «እግዜር ያጥናችሁ» አለችና የልጇን እጅ ያዘች።

ሾፌሩ እስከ ውጭው በር ሸኛቸው። ሊሰናበታት እጁን ዘርግቶ ሳለ ዓይኑ ወደ ታች ወረደ፤ የሚጢጢ የጫማ ክር ተፈትቶ መሬት ለመሬት ይጎተታል።

«ቆዪ፣ ይጥልሻል» አላትና ተንበረከከ።

መሪ የለመዱት ወፋፍራም ጣቶቹ ቀጭኑን ክር አልይዝ አሉት። አሰረው። ላልቷል መሰለው፤ ፈታው። እንደገና አሰረ፤ እንደገና ፈታ። ሚጢጢ እንዳትወድቅ ትንሿን እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቀና ብላ እናቷን አየች፤ እጇን ግን አላነሳችም።