ለቁጥር የተጠሩት

የአዳራሹ ዘበኛ መንገድ ጠራጊዋን ገና ከበሩ ላይ ሲያያት መወልወያውን ከነባልዲው አቀበላት። ተቀበለችው። ለስብሰባ መምጣቷን ልትነግረው አፏን ስትከፍት «የመድረኩን ጥግ እንዳትረሺው» ብሏት ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ወለሉ እውነትም ቆሽሿል። ወለወለችው። እጇን ታጥባ ከፊተኛው ረድፍ ስትቀመጥ ዘበኛው ደክሟት ነው ብሎ ዝም አላት።

ባልደረቦቿ ጭምቷ ይሏታል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከአንድም ስብሰባ ቀርታ አታውቅም፤ አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም። የሰፈሩ ስብሰባ ሃምሳ ነዋሪ ካልተገኘ ውሳኔው አይጸናም፤ ነዋሪው ደግሞ ከቤቱ አይወጣም። ስለዚህ ጸሐፊው አሥራ ሁለቱን ጠራጊዎች ከየመንገዱ ለቃቅሞ ያመጣል። ይፈርማሉ፣ ቁጥሩ ይሞላል፣ ከዚያ «በሉ እናንተ ወደ ሥራችሁ» ይባላሉ። ድምፅ ሲሰጥ እነሱ መንገድ ላይ ናቸው። ይህን ክፉ ነገር ነው ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

የዛሬው አጀንዳ ግን የእነሱው ጉዳይ ነበር። ልብስ የሚቀይሩባትና የሚታጠቡባት ክፍል ትፍረስና የመኪና ማቆሚያ ትሁን የሚል ነው። ክፍሏ የቆርቆሮ ናት፤ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጋረጃና ልብስ የሚሰቀልባቸው አሥራ ሁለት ሚስማሮች አሏት። ከፈረሰች የሰፈሩን ቆሻሻ እንደለበሱ ወደ ልጆቻቸው ሊገቡ ነው።

ከጠራጊዎቹ ትልቋ፣ ማንም ሳይሾማት አለቃ የምትባለው፣ ወሬውን የሰማች ዕለት «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለች። ማን ይናገር ሲባል ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። በመጨረሻ ነገሩ ጭምቷ ላይ ወደቀ፤ ከማንም ተጣልታ ስለማታውቅ የሚቀየማት የለም ተባለ።

ጸሐፊው ፊርማውን ቆጠረ። ሃምሳ አንድ ሆነ። እንደ ወትሮው አሰናበታቸው። ማንም አልተነሳም። ጭምቷ ብቻ ተነሳች።

«ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ።»

ጸሐፊው የባልዲው ቦታ የጠፋባት መስሎት ዘበኛውን ጠይቂ አላት።

«አይ፣ እርስዎን ነው። እኛ ብንወጣ ስንት ትቀራላችሁ?»

ወረቀቱን አገላበጠ። «ሠላሳ ዘጠኝ።»

«እንግዲያው ስብሰባ የሆነው እኛ ስላለን ነው። ስንቆጠር ሰው ከሆንን፣ እጅ ስናወጣም ሰው እንሁን። ካልሆነ እንወጣለን፤ እናንተም ሌላ ቀን ትሰበሰባላችሁ።»

ከኋላ ረድፍ የተቀመጠ አንድ ባለመኪና፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት፣ ዘንድሮ መጥረጊያም አፍ አወጣ ሲል አጉረመረመ። አለቃ ዞር ብላ አየችው።

«አፍማ ድሮም ነበራት ወንድሜ። ያጣችው የሚሰማት ጆሮ ነው።»

ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው የመተዳደሪያ ደንቡን ረዘም ላለ ጊዜ አነበቡ። ስለ ጠራጊ የተጻፈ ነገር አላገኙም። «የተገኘ ነዋሪ ሁሉ ድምፅ ይሰጣል» ይላል። የት እንደምትኖር ጠየቋት። ከአዳራሹ ጀርባ ሰማያዊ በር ባላት ቤት እንደምትኖር፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደሆናት፣ ባልደረቦቿም የዚሁ ሰፈር ነዋሪዎች እንደሆኑ ነገረቻቸው።

«እንዴ፣ ጎረቤቴ ነሻ» አሏት፣ እንደ መደንገጥ ብለው።

እጅ ወጣ። ክፍሏ ትቆይ ያሉት ሃያ ስድስት፣ ትፍረስ ያሉት አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። የቀሩት ስድስቱ ጎረቤታቸው የሚያደርገውን ሲጠባበቁ ቆጠራው አለፋቸው። ጸሐፊው ውጤቱን በቃለ ጉባኤው ላይ ሁለት ጊዜ ሰርዞ ጻፈ።

ክፍሏ አልፈረሰችም። ለሚቀጥለው ስብሰባ ጸሐፊው ጠራጊዎቹን ሳይጠራ ቀረ። አሥራ ሁለቱም ሳይጠሩ መጡ፤ ከሰዓቱ ቀድመው ስለነበር በሩ እስኪከፈት ውጭ ቆመው ጠበቁ።