እማዬ ጠበል ናት

ሰው ፊትሽ ሲያለቅስ «አይዞሽ» አትበይ የሚል ትምህርት አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ በገዛ እጄ ተመዝግቤ እየተማርኩት ነው። የአእምሮ ጤናና የሱስ ድጋፍ ሠራተኛ ልሆን ነው። ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ዓረብ አገር፣ አል ጋርሁድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ሳጥፍ እከርምና፣ እሑድ በእረፍቴ ሻርጃ ሄጄ ክፍል እገባለሁ። «አይዞሽ» አይባልም። ምክር አይሰጥም። «አላህ ያውቃል»ም አይባልም። የኮምቦልቻን ልጅ አፏን ይዛ እንድትቀመጥ ማድረግ ምን ያለ ቅጣት መሰላችሁ።

አሠልጣኛችን ሚስ ማሪሴል ፊሊፒናዊት ናት። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ሁሉን ነገር በጥያቄ ነው የምትመልሰው። ሽንት ቤቱ የት ነው ብትሏት «እንድትጠይቂ ያደረገሽ ምንድን ነው?» የምትል ነው የሚመስለኝ።

ሥልጠናውን ለመጨረስ አንድ ሰው በእሷ ክትትል መደገፍ ግዴታ ነው። የደረሰችኝ የሺአረግ ናት፣ የጎጃም ልጅ። ሚርዲፍ ሰው ቤት ስትሠራ ወገቧን ሲያማት የማስታገሻ ክኒን ጀመረች፤ መጀመሪያ ለመቆም፣ ቀጥሎ ለመተኛት፣ ኋላማ ያለ ምክንያት። ማዳሟ ስታውቅ ኸላስ፣ በቃሽ ብላ አስወጣቻት። ሐኪም ቤት ተኝታ ከወጣች በኋላ አጅማን ውስጥ ቤድ ስፔስ፣ ማለት በጋራ ክፍል አንድ አልጋ ተከራይታ ትኖራለች። ክኒን ካቆመች ወራት አልፏታል፤ ያቆመችውም ለእናቷ ስትል ነው። «እማዬ ፊት ንጹሕ ሆኜ ነው የምቆመው» ትለኛለች ባገኘኋት ቁጥር። አገር ቤት ልትገባም እየተዘጋጀች ነበር።

እናቷ ሞተዋል።

ይህን የነገሩኝ ጋሽ አንዳርጌ ናቸው። ዕድሜያቸውን እዚህ በሹፌርነት የፈጁ፣ የማኅበራችን ሰብሳቢ፣ መርዶ ሲኖር ሰው ሰብስበው የሚያረዱን እሳቸው ናቸው። ሐዘን ብቻውን ለሆነ ሰው አይነገርም፤ በጠዋት ተሰብስቦ ተሄዶ ነው የሚነገረው። ደግ ባህል ነው፣ አልጠላውም። ግን እህቷ ዘነበወርቅ ከአገር ቤት ደውላ «አሁን ብትሰማ ወደ ክኒኗ ትመለሳለችና ምስጢሩን ያዙልኝ» ብላ አልቅሳባቸዋለች። ለየሺ ደግሞ የምትላት «እማዬ ጠበል ናት፣ ኔትወርክ የለም» ነው። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ሴትዮዋ ከጠበል አልወጡም።

«እና መቼ ሊነገራት ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«እሱንማ የምታውቂው አንቺ ነሽ ልጄ። የተማርሽው አንቺ ነሽ። ጠንክራለች ስትይን እንመጣለን። እስከዚያው ሆድ ይፍጀው።»

ደሜ ፈላ። ትናንት «የእብድ ሐኪም ልትሆን ነው» ብለው ሲስቁብኝ የነበሩት እኒሁ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ሲጨንቃቸው የተማርሽው ነሽ! የማንን ሆድ ነው የሚፈጀው? የኔን ነዋ።

ሚስ ማሪሴል ጋ ሄድኩ። «መዋሸት አይቻልም» አለችኝ።

«እሺ፣ ልንገራት?»

«መንገር ያንቺ ድርሻ አይደለም። የቤተሰቧ ነው።»

«ቤተሰቧ አንነግርም ብለዋልኮ።»

«እንግዲያው እህቷን አበረታቺ።»

«የሺ ራሷ ብትጠይቀኝስ?»

«ስትጠይቅሽ ምን እንደሚሰማት ጠይቂያት። ስሜቷን አዳምጪ።»

ዋላሂ እንዲህ ነው ያለችኝ። እዚያም ሄድኩ እዚህም ሄድኩ፣ ሸክሙ ዞሮ እኔው ጫንቃ ላይ ነው። ዘነበወርቅ ጋ ራሴ ደወልኩ። «ብትሰማና አንድ ነገር ብትሆን ደሟ በእጅሽ ነው» ብላኝ ስልኩን ዘጋችብኝ። በረታች።

ባለፈው እሑድ ከክፍል ስወጣ አጅማን ወረድኩ። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ሹግል፣ ሥራቸው ላይ ናቸው፣ የሺ ብቻዋን ነበረች። ለእናቷ የገዛችውን ወፍራም ብርድ ልብስ ሻንጣ ውስጥ ለመክተት በጉልበቷ ተጭናው ትታገላለች። «ሀሚዳ መጣሽ? ነይ ተጫኚልኝ» አለች። ምን ላድርግ? ተጫንኩላት። ለሞተ ሰው የተገዛ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጬ ዚፕ ስጎትት አንገቴ ድረስ ተናደድኩ፤ በሁላቸውም፣ በራሴም።

እሷ መጎተቷን ተወችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ጠበል እንዲህ ይቆያል እንዴ? ዘነቡ የሆነ ነገር ደብቃኛለች። አንቺ አትዋሺኝም። እማዬ አለች?»

የሥልጠናው ነገር ሁሉ አፌ ላይ መጣ። «ይሄን ስትጠይቂኝ ምን እየተሰማሽ ነው?» አልኳት።

ገና ከአፌ ሳይወጣ ነበር መመለስ የፈለግኩት።

«እንዲህ ብለሽ መልሰሽልኝ አታውቂም» አለች ቀስ ብላ። «ስለ እማዬ ሳነሳ ሁሌ የምትይኝ ‹ደህና ናቸው፣ አርፈሽ ተቀመጪ› ነበር።»

አልመለስኩላትም። መልሱ ያ ሆነ። እንግዲህ ሰው ሳይሰበሰብ፣ ጥቁር ሳይለበስ፣ ሻንጣ ላይ ቁጭ ብለን የእናቷን መርዶ ያረዳኋት እኔ ነኝ። ያውም በጥያቄ።

አልጮኸችም። መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለማን ብዬ ነው ክኒኑን የተውኩት?» አለች።

ትምህርቱ ለዚህ መልስ አለው። «ለራስሽ ብለሽ» ይባላል። እናቷን አሁን ላጣች ሴት ይህን የምልበት አፍ ከየት ላምጣ? አቀፍኳት። ማቀፍም ክልክል ነው። «አይዞሽ የኔ እናት፣ እግዜር ያጥናሽ» አልኳት፣ ያልተፈቀደውን ሁሉ አልኩ። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው።

ጥቂት ቆይታ ስልኳን ከትራሷ ሥር አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ያዢልኝ» አለች። «ክኒን የሚያመጣልኝን ሰውዬ ቁጥሩን ካጠፋሁት ቆየሁ፣ ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። ዛሬ እጄ ላይ ካለ እደውላለሁ።»

«እይዛለሁ» አልኳት።

«ግን ከእህቴ ጋር ማልቀስ አለብኝ ሀሚዳ። ከዘነቡ ጋር ካላለቀስኩ እሞታለሁ።»

በዚያው በየሺ ስልክ ለዘነበወርቅ ራሴ ደወልኩላትና ድምፁን ከፍ አደረግኩት። የየሺን ልቅሶ ስትሰማ ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ሀሚዳ ናት አይደል የነገረችሽ?» የሚል ነበር።

«ማንም አልነገረኝም» አለቻት የሺ። «እሷን ተያትና አብረሽኝ አልቅሺ።»

ሁለቱ ተያይዘው የእናታቸውን ስም እየጠሩ አለቀሱ። ጋሽ አንዳርጌም ይቆጡ፣ ሚስ ማሪሴልም ከሥልጠናው ታባረኝ፣ ያኔ ምኔም አልነበረም። አንዴ የሺ ስልኩን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። እኔም እያለቀስኩ ወደ ጆሮዋ አስጠጋሁላት፤ ከእጄ ግን አልለቀቅኩትም።