አምስተኛዋ ዙር

አስማረ በ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. ትምህርቱን ፈጽሞ ከሃንጋሪ ወደ ጎንደር ሲመለስ፣ የተማረውን ነገር ለእናቱ ለማስረዳት ሦስት ቀን ደክሞ በመጨረሻ ተወው። ፊደል ያስቆጠርሁት እኔ ነበርሁና ወደ እኔ መጣ። የሬዲዮን ሆድ ዕቃ ሁሉ፣ ሽቦውንም ሽክርክሪቱንም፣ ከምስር ፍሬ በማትበልጥ ስስ ሰሌዳ ላይ የሚያሰፍር ንድፍ መሥራት ነው ብሎ ነገረኝ። ሰሌዳዋን ቺፕ ይሏታል። ነዳፊው አስቀድሞ በሰፊ ወረቀት ይስላል፤ ፋብሪካው ያን ሥዕል በብርሃን ሁለት መቶ ጊዜ አሳንሶ በሰሌዳዋ ላይ ያትመዋል። እንዲህ ያለ ፋብሪካ በአገራችን ይኖር እንደሆነ ጠየቅሁት።

"የለም፣ የኔታ" አለኝ።

እንግዲህ ምን ትሠራለህ ስለው፣ ወደ መደቡኝ ስፍራ እሄዳለሁ አለኝ።

መንግሥት የመደበው ኮሶዬ ካለው የሬዲዮ ማስተላለፊያ ጣቢያ ነበር። የደጋውን ብርድ ለመደው፤ ሥራውን ግን አልለመደውም። የቀበሌ ድምፅ ማጉያ ሲበላሽ ይጠግናል፤ የሰልፍ ቀን ሲደርስ በየአደባባዩ ይሰቅላል፤ ሰልፉ ሲበተን ያወርዳል። ዓመታት እንዲሁ ሲሰቅልና ሲያወርድ አለፉ። በአንዱ ክረምት ማስተላለፊያውን ሲከፍት ኤሌክትሪክ ቀኝ እጁን አቃጠለው። ቁስሉ ቢድንም ሦስቱ ጣቶቹ ጎብጠው ቀሩ። እርሳስ ይይዛል፤ ቀጥ ያለ የቀለም መሥመር ግን አይሆንለትም። ይህም ሁሉ ሆኖ ማታ ማታ ንድፉን መሥራት አልተወም ነበር። ለማን እንደሚሠራው ስጠይቀው፣ እንዳይጠፋብኝ ነው ይለኝ ነበር።

በ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ካስተማረው ተቋም ደብዳቤ መጣለት። አንድ ንድፍ ቢልክ በራሳቸው ፋብሪካ እንደሚያሠሩለት፣ ቺፕዋም እርሱ በጻፈው የሞገድ ስፍራ ላይ፣ ማለት የሬዲዮ መርፌ ለአንድ ጣቢያ እንደሚቆምበት ባለ ቁጥር ላይ፣ ከሰማች ከነዳፊዎቻቸው ጋር በሥራ እንደሚቀበሉት ይናገራል። ንድፉ ግን በብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ላይ፣ በጥቁር ቀለም፣ ከፀጉር ውፍረት በማይዛነፍ መሥመር መጻፍ ነበረበት። አስማረ ደብዳቤውን በግራ እጁ ይዞ ቀኝ እጁን አሳየኝ። ከዚያ በላይ ልመና አላስፈለገውም።

እኔ በቁስቋም ሰፈር አርባ ዓመት ብራና የጻፍሁ ሰው ነኝ። ብርዕና መሥመር አያስቸግሩኝም። በነቢያት ጾም ጀምሬ በየቀኑ ከቅዳሴ መልስ በቤቴ ሰገነት ላይ ፀሐይ እስክትዘነብል ድረስ ሠራሁ። እርሱ በእርሳስ የነደፈውን ወረቀት ከሥር አነጥፋለሁ፤ ፕላስቲኩን ከላይ ዘርግቼ በቀለም እከተላለሁ። ምን እንደምጽፍ አላውቅም ነበር። የማያውቁትን ቋንቋ መገልበጥ ግን ለጸሓፊ አዲስ ነገር አይደለም።

ንድፉ ወደ ውጭ አገር እንዲወጣ የጓድ ክንዱ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ጓድ ክንዱ የአስማረ የመሥሪያ ቤት አለቃ ነው፤ ደጉም ክፉውም በአንድ ፊት ላይ የሚመላለሱበት ሰው ነበር። አንድ ቀን ቤቴ ድረስ መጥቶ በፕላስቲኩ ላይ ተጎነበሰ።

"መሪጌታ፣ ይህ ካርታ አይደለም?"

"ካርታ ቢሆን መውጫ ይኖረው ነበር፤ ይህ ዞሮ ዞሮ ከራሱ ሆድ የሚገባ ነው" አልሁት።

ሳቀና ወደ አስማረ ዞረ። "ጓድ ኢንጂነር፣ ሬዲዮዋ ምስር ካከለች ባትሪዋን ማን ሊሸከምላት ነው? ጉንዳን እናደራጅልህ?"

"ጉንዳኑማ ተደራጅቷል፣ ጓድ። የጠፋው ባትሪው ነው።"

ጓድ ክንዱ መሳቅ የሚገባው መሆን አለመሆኑን ጥቂት አሰበና ፈረመ። ሲወጣ፣ ስሕተት ቢገኝበት የሚያፍረው መሥሪያ ቤቱ ነው ብሎ አስጠነቀቀ። አስማረም፣ ከእኔ ስሌት ይገኝ እንደሆነ እንጃ፤ ከየኔታ እጅ ግን ስሕተት አይወጣም ብሎ መለሰለት። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ደስታዬን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ከርሷ የበለጠ ያስከፈለችኝ ደስታ የለችምና።

በንድፉ መካከል ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሽክርክሪቶች ነበሩ፤ እንደ ቀንድ አውጣ ጀርባ ከመካከል ጀምረው ወደ ውጭ የሚሰፉ። የሁለቱም መልክ አንድ፣ መጠናቸውም የተቀራረበ ነበረ። የግራውን ጽፌ ወደ ቀኙ ስሻገር የግራው አምስት ዙር፣ የቀኙ አራት ዙር መሆኑን አየሁ። ብራና የጻፈ ሁሉ ይህን ዓይነት ስሕተት ያውቀዋል። ተመሳሳይ ነገር ሁለት ጊዜ ሲመጣ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘልላል፤ በመካከል ያለው ይጎድላል። አራሚ የሆነ ሰው ግድፈቱን አይቶ ይሞላዋል። ከደከመ ደቀ መዝሙር እጅ የወጣ ግድፈት ሲሆን ደግሞ፣ ሳያሳፍሩት ሞልቶ ዝም ማለት በእኛ ዘንድ ወግ ነው። አስማረ ያን ዕለት ለሰልፍ ድምፅ ማጉያ ሊሰቅል ሄዶ ነበር። እስኪመለስ መጠበቅ እችል ነበር። ነገር ግን የደከመ ልጄን ጣት አሰብሁና፣ በቀኙ ሽክርክሪት ዙሪያ አምስተኛዋን ዙር በጥሩ ቀለም ጨመርሁ። ሁለቱ እንደ መንታ ሲተካከሉ ሥራው አማረልኝ።

ፕላስቲኩ ከጥምቀት በኋላ ተላከ። የእርሳሱ ወረቀት ከእኔ ዘንድ ቀረ።

መልሱ ዓመት ከሩብ ቆይቶ በ፲፱፻፸፱ ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ደረሰ። አስማረ ትንሽ ሣጥን ይዞ ወደ ቤቴ መጣ። በውስጧ ጥቁር እግር ያላቸው አምስት ቁራጮች እንደ ሞተ ጢንዚዛ ተደርድረው ነበር። ደብዳቤውን በአማርኛ እየመለሰ አነበበልኝ። ቺፖቹ እርሱ በጻፈው ስፍራ ላይ ሲሞከሩ አንዳቸውም አልሰሙም። ምክንያቱን አግኝቶ እስከ ግንቦት መጨረሻ ከጻፈ ስፍራው ይጠብቀዋል፤ ካልጻፈ ለሌላ ይሰጣል። አንብቦ ሲጨርስ ደብዳቤውን እንደ ነበረ አጠፈው። ስሕተቱን ከስሌቱ ውስጥ ፈልጎ እንደሚያገኘው ነገረኝና ወጣ።

በሩ እንደ ተዘጋ የእርሳሱን ወረቀት ዘረጋሁ። የቀኙን ሽክርክሪት ቆጠርሁ። አራት ነው። ሦስት ጊዜ ቆጠርሁት። ከአራተኛዋ ዙር ውጭ ያለው ስፍራ ንጹሕ ነበረ፤ ተጽፎ የተፋቀም፣ ሊጻፍ ታስቦ የቀረም ነገር አልነበረበትም። ሰው ዐውቆ የተወው ባዶ ስፍራ ዓይን ከዘለለው ባዶ ስፍራ እንደሚለይ በዚያ ሰዓት ገባኝ።

ያን ጊዜውን ተነሥቼ ልከተለው ይገባ ነበር። አልተከተልሁም። ምናልባት ምክንያቱ ሌላ ይሆናል አልሁ። ቀጥዬም እርሱ ራሱ ያገኘዋል አልሁ። እውነቱን ለመናገር፣ አርባ ዓመት ሙሉ ከእጄ ስሕተት አይወጣም ሲባል ኖሬ በስተርጅና ይህን ስም ማጣት ከበደኝ። ሰባት ሳምንት ዝም አልሁ። እርሱም ስሕተቱን በእኔ እጅ ላይ ከቶ አልፈለገም፤ የሚፈልገው በራሱ ጭንቅላት ውስጥ ነበር።

ሚስቱ ወለላ ከሆስፒታል ሥራዋ ስትመለስ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጠበቀችኝ። የስሌት ደብተሩን ከገበታ እንኳ እንደማያነሣው፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አምስት ጊዜ እንደ ሠራው፣ አምስቱንም ጊዜ ትክክል እየሆነ እንደሚያስጨንቀው ነገረችኝ።

"ቢሳሳትስ ደስ ባለው፣ የኔታ" አለች። "ትክክል ሲመጣበት ነው የሚታመመው። አእምሮዬን ማመን አቃተኝ ይለኛል።"

ጸልዪለት አልኋት። ምክሬ ለእርሷ ሳይሆን ለራሴ መሸሸጊያ ነበረች።

ግንቦት አለቀ። ሰኔ ሰባት ቀን እሑድ አስማረ ከቅዳሴ በኋላ መጣ። ፊቱ ያረፈ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ተስፋ የቆረጠ ሰው ዕረፍት ነበረ። ጓድ ክንዱ አይከል ላይ የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊነት እንደ ሰጠው፣ ዓርብ ዕለትም እንደ ፈረመ ነገረኝ። ባትሪና ሽቦ ተረክቦ ባትሪና ሽቦ ያስረክባል። ደብተሮቹን ሊያቃጥላቸው ነበር።

"ይባርኩኝ፣ የኔታ፤ ይህን ሥራ ልተወው ነው። ጭንቅላቴ የሚሠራ መስሎኝ ነበር። አልሠራም።"

ቡራኬ ሊቀበል ጎንበስ አለ። እጄን ማንሣት አልቻልሁም።

"ልጄ፣ የቀኙ ሽክርክሪት ስንት ዙር ነው?"

"አራት።"

"እኔ አምስት አድርጌዋለሁ።"

ቀና ብሎ አየኝ። የእርሳሱን ወረቀት አውጥቼ ከፊቱ ዘረጋሁና ግድፈት መስሎኝ እንደ ሞላሁት ነገርሁት። ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮኽ በወደድሁ። እርሱ ግን ጣቱን በሽክርክሪቱ ዳር አሳረፈ።

"የጨመሯት ከውጭ ነው ከውስጥ?"

"ከውጭ።"

"ሙሉ ዙር?"

"ሙሉ።"

ዙር ሲጨመር ቺፕዋ የምትሰማበት ቁጥር ዝቅ ይላል አለኝና ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው ያሰላ ጀመር። ጎባጣ ጣቶቹ እርሳሱን እንደ ዱላ ጨብጠውት ነበር። ለማየት በሚያስቸግር ደቃቅ ቁጥር ግማሽ ገጽ ሞላ። አንዲቱን ቁጥር ከበባትና፣ ዓይኑን ሳያነሣ፣ መቼ እንዳወቅሁ ጠየቀኝ።

"ደብዳቤውን ያነበብህልኝ ዕለት።"

"ሰባት ሳምንት" አለ።

በማግሥቱ በጭነት ማኪና ወደ ኮሶዬ ወጣን። እንድከተለው አልጠየቀኝም፤ አይምጡም አላለኝም። የጣቢያው ዘበኛ አያ ቢሻው በሩን እየከፈተ ትክ ብሎ አየኝ።

"ምነው የኔታ፣ እርስዎም ቅዳሴውን ትተው ሬዲዮ ጀመሩ?"

አስማረ ከአምስቱ ቁራጮች አንዱን በጠረጴዛው ላይ ካለ አሮጌ የሞገድ ማመንጫ ጋር በቀጭን ሽቦ አገናኘ። ከጎኑ መርፌ ያለው መለኪያ ነበረ። አስቀድሞ ማዞሪያውን ደብዳቤው በሚናገርበት ስፍራ ላይ አቆመ፤ መርፌው አልተነቃነቀም። ከዚያ በወረቀቱ ጀርባ ወደ ከበባት ቁጥር እያዘገመ አወረደው። ጥቂት ሲቀረው መርፌው ተንቀጠቀጠ። በቁጥሩ ላይ ሲደርስ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማዞሪያውን ዝቅ ሲያደርገው ወደቀ፤ ሲመልሰው ተነሣ። የቀሩትን አራቱንም ቁራጮች እንዲሁ ሞከራቸው። ሁሉም በዚያችው ስፍራ ላይ ሰሙ።

"ሰማች" አለ አስማረ በዝግታ።

"ሸጋ ነዋ!" አለ አያ ቢሻው። "እንግዲህ ምን ምን ይላሉ?"

"ምንም፣ አያ ቢሻው። እዚህ ስፍራ ላይ የሚናገር የለም።"

ከመመለሳችን በፊት በጣቢያው ደጃፍ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጉም ከገደሉ እየወጣ መንገዱን ይሸፍን ነበር። ስሌቱ ከመጀመሪያው ትክክል እንደ ነበረ አሁን ያውቃል፤ ይህን ማወቁ ግን ከድንጋዩ አላስነሣውም።

ጓድ ክንዱ የአይከሉን ፊርማ እንዲሰርዝለት እኔው ሄጄ ለመንሁት። አንዴ የተመደበ ተመድቧል፤ በኮሶዬው ስፍራም ሌላ ሰው ገብቷል አለኝ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በግንቦት ነግረውኝ ቢሆን አላስፈርመውም ነበር አለ። ይህን ያለው በደግነት ነበረ፤ ከዘለፋ ይልቅ ያቆሰለኝም ስለዚህ ነው።

የተቋሙ ቀን ቢያልፍም አስማረ ደብዳቤ ጻፈ። ከእርሱ ደብዳቤ ጋር የሚሄድ ሌላ ደብዳቤ እኔ በእጄ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። በአማርኛ ብጽፈው ማን ያነብበዋል ስለው፣ እኔ ከሥሩ ወደ ቋንቋቸው እመልሰዋለሁ፤ ጽሕፈቱ ግን የእርስዎ ይሁን አለኝ። ጻፍሁ። ነዳፊው አራት ብሎ የጻፈውን እኔ አምስት እንዳደረግሁት፣ ስሕተቱም የእኔ እንጂ የእርሱ እንዳልሆነ ገለጽሁ። በሕይወቴ ከጻፍሁት ሁሉ አጭሩ እርሱ ነው፤ ሁለት ጊዜም ቀደድሁት። አንባቢ እንዳይጠብቅ ከዚህ ላይ ልናገር፤ መልስ አልመጣም።

ለኃጢአቴ የንስሓ አባቴ ቀኖና ሰጡኝ። ስግደቱን ፈጸምሁ፤ ጾሙንም እንዲሁ።

ሰኔ ዐሥራ አምስት ቀን ሰኞ ጠዋት አስማረን ወደ አይከል አውቶቡስ ሸኘሁት። ወለላ እስክትዛወር በከተማ ትቀራለች። በአንድ እጁ ቦርሳ፣ በሌላው የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ ነበር። ደብተሮቹን አላቃጠላቸውም። አዲስ ንድፍ በእርሳስ እንደ ጀመረ በመንገድ ላይ ነገረኝ፤ ለማን እንደሚሠራው ዳግመኛ አልጠየቅሁትም። ቀለሙን ማን እንደሚጽፍለት ግን ጠየቅሁት።

"ግራ እጄን እያለማመድሁት ነው" አለ።

"ይከብድሃል።"

"ይከብደኛል፣ የኔታ።"

መናኸሪያው ደጅ ስንደርስ ልሸከምለት ብዬ እጄን ወደ ጥቅሉ ዘረጋሁ። ጥቅሉን በብብቱ ሥር አጥብቆ ቦርሳውን ሰጠኝ። ቦርሳው ከባድ ነበረ። እስከ አውቶቡሱ በር ድረስ ተሸክሜለት ሄድሁ።