ሙልኪ ሐኪሟን ስትፈትን

ሙልኪ ሐርጌሳ ገበያ ሥጋ መሸጥ ከጀመረች ሠላሳ ዓመቷ ነው። ጉበት ስትበልት ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካገኘች ቆርጣ ለውሾች ትወረውራለች፤ እናቷም እንዲሁ ነበር የምታደርገው። ቢላዋዋ ስቶ የወጋው ቀን ውሃው ይረጭና ሥጋው ሁሉ ይበላሻል። እንደዚያ ያለው ከረጢት፣ ያውም ብርቱካን የሚያህል፣ አንድ ቀን በራሷ ጉበት ላይ ተገኘ አሏት።

የነገረቻት ኮድቡር ሰፈር ያለው ክሊኒክ ቀዶ ሐኪም፣ ኪዳናዊት ነበረች። ከረጢቱን የሚፈጥረው ትል ከውሻ እንደሚመጣ፣ ውሻውም ከሚወረወርለት ጉበት እንደሚይዘው አስረዳቻት። ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ማለት ይኸው ነው። አደጋውንም አልደበቀችም፦ በቀዶ ጥገናው ውሃው ከፈሰሰ የደም ግፊቷ ድንገት ወርዶ ልትሞት ትችላለች፤ ብትተርፍም ትሉ ሆዷ ውስጥ ይዘራል። ሙልኪ የአንድ ወሩን ክኒን በእሺታ ዋጠች። ቢላዋውን ግን እምቢ አለች። ስንቱን እንዳፈነዳች እሷ ታውቃለች።

በቀጠሮዋ ቀን ከረጢት ያለበት የበግ ጉበት በፌስታል ይዛ መጣችና ሐኪሟ ፊት ዘረገፈችው። ሙልኪ ድሬዳዋ ያደገች ናትና አንቱታ አይሆንላትም።

«መጀመሪያ ይህን አውጪ» አለቻት። «ካፈነዳሽው ወደ ቤቴ።»

ነርሷ ላዳን አፏን ያዘች። ኪዳናዊት ግን ሳትቀየም ጓንቷን አጠለቀች። በጨው ውሃ የተነከረ ጨርቅ በከረጢቱ ዙሪያ ጠቀጠቀች፤ ውሃውን በመርፌ መጠጠች፤ ትሉን የሚገድል የጨው ውሃ ሞልታበት ጠበቀችና መልሳ መጠጠች። ከዚያ ነጩን ሽፋን ሳብ አድርጋ አወጣችው።

ሙልኪ ጨርቁን አገላብጣ አየች፤ ጠብ ያለበት ነገር የለም። ሠላሳ ዓመት ቢላዋ ይዛ ይህን አለማወቋ አናደዳት።

«የእኔም እንዲህ ይወጣል?»

«አልምልልዎትም» አለች ኪዳናዊት። «የእርስዎ ጉበት ይደማል፣ ይንቀሳቀሳል። ቢፈስ ግን መድኃኒቱ በእጄ ነው።»

ሙልኪን ያሳመናት ይህ ነበር። አልምልም ያለ አይዋሽም ብላ፣ በቢስሚላህ ፈረመች።

ቀዶ ጥገናው ሦስት ሰዓት ፈጀ። ስትነቃ ጉሮሮዋ ደርቆ ነበር፤ መጀመሪያ የጠየቀችው ውሃ አልነበረም።

«ጨርቁስ?»

«ጠብ ያለ የለም» አለቻት ኪዳናዊት።

ሙልኪ አልሐምዱሊላህ ብላ፣ ስፌቱ እያመማት ሳቀች።

ከሦስት ወር በኋላ ገበያ ስትመለስ ውሾቹ እንደ ልማዳቸው ተኮልኩለው ጠበቋት። ያገኘችውን ከረጢት ሳታፈነዳ አውጥታ እሳት ውስጥ ከተተችው። ጎረቤቷ ዓናብ ግን የራሷን ልትወረውር እጇን አነሣች። ሙልኪ ሌላውን ባዶ እጇን ያዘችና በራሷ ልብስ ላይ፣ ጠባሳዋ ባለበት አሳረፈችው። ዓናብም የያዘችውን እሳቱ ውስጥ ጨመረችው።