የኦይታ ፍየል

ኤርጎ ያን ቃል የተናገረኝ በ1984 ዓ.ም. መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ጂንካ ጸሎት ቤታችን ጓሮ ካለው ማንጎ ሥር ነው። «ጋሽ አንጁሎ፣» አለኝ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አይክፋህና አንተ የተጠራኸው የእትዬ ጥሩዬን ዕቃ ለመሸከም ነው።» ለወንጌል ጉዞ የሚሠለጥነው ሁሉ ሳቀ። የኤርጎ ሚስት ሣራ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። እሱስ ይሁን። ጥሩዬም ሳቀች። ልጆች ወልዳልኝ፣ ልጆቹን ድረን አብራኝ ያረጀች ሚስቴ።

ኤርጎ ማለት የመጨረሻ ልጄ እኩያ ነው። የአሪ ልጅ ነው፤ ሐመርኛውን ከነጋዴ ጋር ሲዞር ለቃቅሞ፣ በዚያችው አስተማሪያችን ሆኖ ተቀመጠ።

ጸሎት ቤቱ ደርግ ዘግቶት ኖሮ ገና መከፈቱ ነበር። ሽማግሌዎቹ ወደ ሐመር አገር፣ ቱርሚ አጠገብ ተቀምጠው ወንጌል የሚያደርሱ ባልና ሚስት እንላክ አሉ። ወጣት አይሆንም፣ እዚያ የሚሰማው ሽበት ያለው ነው ተባለ። ያን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ስፌት መኪናዬን ተሸክሜ ከወላይታ ከመጣሁ ጀምሮ የሰው ሱሪ ሳሰፋና ሳጠብብ ነው የኖርኩት። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ መጽሐፍ ቅዱሴን ግን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ጸሎት ቤቱ በተዘጋበት ዘመን መስኮት ዘግቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ቤቴ ውስጥ የሰበክሁት እኔ ነኝ። ጥሩዬ ፊደል አትለይም። እንግዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ቆሜ ጮክ ብዬ ልስበክ፣ እሷም ከጎኔ ትሁን ብዬ ነው የገባሁበት።

ነገሩ ተገለበጠ። ጥሩዬ ቀይ አፈር ከተማ ነው ያደገችው፤ አባቷ ሐመር ድረስ እየወረደ ጨውና ዶቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ሐመርኛ ስትናገር እዚያው የተወለደች ትመስላለች። ኤርጎ ሊያስተምረን በገባ ቁጥር «እትዬ ጥሩዬ፣ ይህን እንዴት ይሉታል?» ነው። ፊቷ ያበራል። እኔ ሰላምታውን ስጀምር ምላሴ ይተሳሰራል፣ ሁለቱ ይተያያሉ። ቤት ስንገባ «እስቲ አብረን እንለማመደው፣ የማርቆስ አባት» ትለኛለች።

«ካስተማሪሽ ጋር ተለማመጂ» እላታለሁ።

ለሙከራ በጭነት መኪና ቱርሚ ወረድን፤ ኤርጎ፣ እሷና እኔ። ከመኪናው ወርደን ኦይታ የሚባል የሐመር ሽማግሌ ግቢ ድረስ በእግራችን ሄድን። ጎጆ መሥሪያ ቦታ የሚሰጠንም የሚከለክለንም እሱ ነው ተብለናል። በዕድሜ እኩያዬ ነው፣ ቁመናው ግን የጎረምሳ። ትንሿ የእንጨት በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ጥሩዬን የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቃት። የአባቷን ስም ስትነግረው ብድግ አለ። እጇን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ተናገረ። እሷ አንዴ ታለቅሳለች፣ አንዴ ትስቃለች። ከዚያ ከበረቱ አንዲት ነጭ ፍየል አስመጥቶ ገመዷን እጇ ላይ አኖረ። ባል አለ፣ ባል አጠገቧ ቆሟል፤ ገመዱን ለእሷ!

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«ረጅም ነው፣ ኋላ እነግርሃለሁ።»

ኤርጎን አየሁት። እንደ ሠርግ ሚዜ ጥርሱን ከፍቷል።

እዚያው አድረን ሲነጋጋ ከሁሉም ቀድሜ ተነሣሁ። ኤርጎ ራሱ ከማንጎው ሥር «የወንጌል ሰው ከሕዝቡ ስጦታ አይቀበልም፣ እጁ ንጹሕ ይሁን» ብሎ አስተምሮናል። ፍየሏን ፈታሁና ወስጄ የኦይታ በረት በር ላይ አሰርኳት። ኦይታ ወጣ። ፍየሏን አየ፣ እኔን አየ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ገባ።

«ምን አደረግህ?» አለ ኤርጎ እየሮጠ መጥቶ።

«ያስተማርከኝን።»

ጥሩዬ መሬት ላይ ተቀመጠች። «አባቴና አባቱ ወዳጅነት ተማምለው ነበር። ለልጅ ልጅ የሚወረስ ነው። ‹አባትሽ ለአባቴ በረሃብ ጊዜ እህል ሰጥቶታል፣ ይቺ የእሱ ናት› ነው ያለኝ። ስትመልስለት ወዳጅነቱ ሞቷል አልከው።»

«ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ስንመለስ ጋቢና ቦታ እያለ ከጆንያዎቹ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

ከተመለስን በኋላ አንድ እሑድ፣ ጸሎት ሲያበቃ ማንጎው ሥር ጠሩኝ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ሣህሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኦይታ ልኮብናል፣ አንጁሎ። ፍየል የመለሰው ሰው ራሱ ፍየል ይዞ ይምጣ ይላል። ሚስትህ ትናገራለች፣ አንተ አጠገቧ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ፣ ዕርቁ ያልቃል። ከዚያ ቦታውን ይሰጣችኋል። እምቢ ካልክ ጥሩዬን ብቻዋን አንልካትም፤ ባልና ሚስት ነው ያልነው። ባይሸብቱም ኤርጎና ሣራ ይሄዳሉ።»

ዝም ብለህ ትቀመጣለህ። መስኮት ዘግቼ በሹክሹክታ ከሰበክሁ በኋላ፣ አሁን ደግሞ ዝም ብዬ።

ለካ ፍየሏንም አስቀድመው ገዝተው ግንዱ ላይ አስረዋታል። ኤርጎ ፈታትና ገመዱን ዘረጋልኝ። «እንካ ጋሼ፣ ዕቃው ይቺው ብቻ ናት።»

ሰዉ ሳቀ። ጥሩዬ አልሳቀችም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ መንገደኛ እንደሚለብሰው ለብሳ፣ ዓይኔን ዓይኔን ታያለች። ገመዱ ኤርጎ እጅ ላይ ተንጠልጥሏል። ለኤርጎ የሚሆን ቃል አፌን ሞልቶት ነበር።

ዞሬ ወደ ስፌት ቤቴ መንገድ ጀመርኩ። የአጥሩ በር ላይ ስደርስ ጥሩዬ ጠራችኝ። በአማርኛም በሐመርኛም አልነበረም። በወላይትኛ ነው፤ ስታገባኝ ለእኔ ብላ ከእናቴ አፍ በተማረችው፣ ልጆቹ ካደጉ ወዲህ በማትናገረው።

«ና፣ አብረን እንሂድ» አለችኝ።

የአጥሩን በር ከኋላዬ ዘግቼ ወደ ስፌት ቤቴ ሄድኩ።